የፖሊሽ ፓድ ለምን ቶሎ ይሞታል? ሙቀቱን ተቆጣጥሮ ስፖንጁን ማቆየት

ጅማ ላይ መኪና በማሽን ፖሊሽ የምትሠሩ ሁሉ አንድ የጋራ ራስ ምታት አለባችሁ። ፓድ፣ ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው የፖሊሽ ስፖንጅ። ኮምፓውንዱ፣ ማለትም ቀለሙ የሚፈተግበት ቅባት፣ ገና ግማሹ ሳይነካ፣ ስፖንጁ መሃሉ ላሽቆ ከቬልክሮው ይላቀቃል። ከዚያ ጥፋቱ ሻጩ ላይ ይለጠፋል። «ፎርጅድ ነው የሸጠልኝ» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ፓዱን የገደለው ሙቀት ነው። ሙቀቱን ደግሞ የምንፈጥረው እኛው ነን።

አንድ ፓድ ሥራ መሃል ላይ ሲበላሽ ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ኮፈኑ ግማሹ አብርቶ ግማሹ ደብዝዞ፣ ባለመኪናው ቁልፉን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ያላችሁን ፓድ ማቆየት እዚህ ከተማ ውስጥ የሙያው ግማሽ ነው። ከዚህ በታች ያለው ከዝግጅት እስከ አጠባ ድረስ ፓድን ከሙቀት የምታድኑበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱ የሚፈጠርበትን ቦታ እወቁ

የፖሊሽ ስፖንጅ የሚሠራው ከፖሊዩረቴን ፎም ነው። ከኋላው ቬልክሮ በሙጫ ተለጥፏል። ቬልክሮው የማሽኑ ሳህን ላይ ካሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ጋር ይያያዛል። ከሦስቱ ሙቀት የማይችለው ሙጫው ነው። ሲግል ይለሰልሳል። ሲለሰልስ ስፖንጁና ቬልክሮው ይፋታሉ።

አሁን ሁለቱን የማሽን ዓይነቶች ለዩ፤ ሙቀት የሚያመነጩበት መንገድ አንድ አይደለም።

ሮታሪው በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ ይሽከረከራል። 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፓድ በደቂቃ 1500 ዙር ሲዞር፣ ጠርዙ በሰከንድ ወደ 12 ሜትር ይጓዛል። ይህ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፍጥነቱን ወደ 3000 ስታደርሱት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ ፍትጊያ በብዛት የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ሮታሪ ቀለም ያቃጥላል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ዲኤ የሚባለው ባለ ሁለት እንቅስቃሴ ማሽን ሌላ ነው። እየዞረ ይወዛወዛል። የውዝዋዜው ስፋት እንደ ማሽኑ 8፣ 15 ወይም 21 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። የፓዱ ጀርባ ከማሽኑ ጋር ይሄዳል። ፊቱ ግን ቀለሙ ስለሚይዘው ወደኋላ ይቀራል። በመሃል ያለው ስፖንጅ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይጣመማል። ቀጭን ሽቦ ደጋግማችሁ ብታጣጥፉት መታጠፊያው ላይ እንደሚሞቀው፣ ስፖንጁም ውስጥ ለውስጥ ይሞቃል። ዲኤ ለቀለም የዋህ ነው፤ ለፓድ ግን ጨካኝ ነው።

መሃሉ ቀድሞ የሚሞተው ለምንድን ነው? ጠርዙ አየር ያገኛል። መሃሉ አያገኝም። ፎም ደግሞ ሙቀት አያስተላልፍም፤ ፍራሽ የሚሠራበት ነገር ነው። የገባው ሙቀት እዚያው ታምቆ ይቀራል። ብዙ ፓዶች መሃላቸው ላይ ቀዳዳ የሚኖራቸው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ጌጥ አይደለም። በደረቀ ኮምፓውንድ ተደፍኖ ካያችሁት ክፈቱት።

ፓድና ሳህን ስትመርጡ

ወፍራም ፓድ ይበረክታል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። በተለይ ውዝዋዜው ትልቅ በሆነ ዲኤ ላይ ተቃራኒው ነው። ወፍራም ስፖንጅ ብዙ ይጣመማል፣ ብዙ ይሞቃል፣ የማሽኑን ጉልበትም ውጦ ያስቀራል። አንድ ወፍራም ከመግዛት ሦስት ቀጫጭን መግዛት ይሻላል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሳህኑ ከፓዱ ትንሽ ያነሰ ይሁን። ፓዱ በየዙሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢተርፍ ይበቃል። ሳህኑ ከሰፋ ጠርዙ ቀለም ይመታል። በጣም ካነሰ ደግሞ ጫናው ሁሉ መሃል ላይ ይከመራል።

ሳህኑን በየጊዜው እያገላበጣችሁ ተመልከቱ። ሰው የማያየው ትልቁ ችግር እዚህ ነው። አንድ ቀን ክፉኛ የጋለ ፓድ የሳህኑን መሃል መንጠቆዎች ቀልጠው እንዲተኙ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ፓድ ብትገጥሙም አጥብቆ አይይዝም። ይንሸራተታል፣ ጀርባው ይፋተጋል፣ የባሰ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ከማሽኑ ተነቅሎ ይበራል። ሦስት ፓድ በተከታታይ ከተበላሸባችሁ ሻጩን ከመውቀሳችሁ በፊት በጣታችሁ የመንጠቆዎቹን መሃል ዳብሱ። ጠርዙ ሻካራ ሆኖ መሃሉ ለስላሳ ከሆነ መቀየር ያለበት ሳህኑ ነው። ስትቀይሩ ለማሽኑ የተሠራውን ያዙ፤ ዲኤ በሳህኑ ክብደት ልክ ስለሚመጣጠን ሌላ ክብደት ያለው ሳህን ያንቀጠቅጠዋል።

ፓዱን ስትለጥፉ መሃል ለመሃል አስተካክሉ። ወደ አንድ ጎን ያደላ ፓድ ማሽኑን ያንቀጠቅጣል፣ አንድ ጎኑም ቀድሞ ያልቃል። ከዚያ በቋሚ ማርከር ሳህኑ ጠርዝ ላይ አንድ ጥቁር መስመር አስምሩ። ጥቅሙን ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

መኪናውን ማዘጋጀት

የጅማ ቀይ አፈር የፓድ ጠላት ነው። ከአጋሮ ወይም ከበደሌ መስመር የመጣ መኪና ላቫጆ ገብቶ ታጠበ ማለት ጸዳ ማለት አይደለም። የስፖርቴሎው መጋጠሚያ፣ የፓራፋንጎው ከንፈር፣ የመብራቱ ዙሪያ አፈር ይደብቃል። ያ አፈር ስፖንጁ ውስጥ ሲገባ ፊቱን ይበላል፤ ቀለሙንም ይጭራል። ሁለት ጊዜ እጠቡ። ከዚያ በክሌይ ባር (እንደ ሊጥ በሚለጠጠው የቀለም ማጽጃ) ከላይ የተጣበቀውን አንሱ። እጃችሁን በስስ ፌስታል ሸፍናችሁ ቀለሙን ብትዳብሱት የቀረውን ሻካራ ነገር በቀላሉ ትለዩታላችሁ።

አርማ፣ የአንቴና መቀመጫ፣ የውሃ መርጫ አፍንጫ፣ ሹል ጠርዝ፣ እነዚህ ስፖንጅ ይቦጭቃሉ። በወረቀት ፕላስተር ሸፍኗቸው። ጠርዝ ላይ ቀለሙም ስስ ነው። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ያለው ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ከአንድ የወረቀት ቅጠል ያንሳል።

ጥላ የግድ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና ማሽን ሳይነካው በፊት 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ፓዱ ሥራ የሚጀምረው ግሎ ነው ማለት ነው፤ ኮምፓውንዱም ሳይሠራ ይደርቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ጠዋት ጀምሩ። ጅማ ደግሞ ዝናቡ ከክረምት ውጪም ስለሚመጣ ሸራ ከማንጠልጠል ጣሪያ ያለው ቦታ መፈለግ ይበጃል።

ኤክስቴንሽን ገመዳችሁንም እዩት። ቀጭንና ረጅም ገመድ ኃይል ይበላል። ማሽኑ ጉልበት ሲያጣ ሰው ሳያውቀው መጫን ይጀምራል። መጫን ደግሞ ወደ ሙቀት የሚወስድ አጭር መንገድ ነው።

ፓዱን ማርጠብ

ደረቅ ፓድ በነጥብ ኮምፓውንድ ብቻ አይጀመርም። ነጥቡ ያልደረሰበት ስፖንጅ ቀለሙን በደረቁ ይፈትጋል። የፓዱን ፊት በሙሉ በጣታችሁ በስሱ ቀቡት፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይንኩት። ትርፉን ጥረጉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቦታ የአተር ፍሬ የሚያክል ሦስት ወይም አራት ጠብታ ይበቃል።

ብዙ መቀባት ያድናል ብላችሁ እንዳታስቡ። ስፖንጁ በኮምፓውንድ ሲሞላ አየር አይገባውም፣ ይከብዳል፣ ያንሸራትታል፣ ይሞቃል። ማነሱም ያው ነው። ነጭ ብናኝ መብነን ከጀመረ ቅባቱ አልቋል፣ እየሠራችሁ ያላችሁት በደረቁ ነው። ማሽኑን አንሱ።

ሥራው ላይ

በአንድ ጊዜ የምትሠሩት ቦታ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ያህል ይሁን። ኮፈኑን ሙሉ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ የሚሞክር ሰው ኮምፓውንዱ መሃል መንገድ ላይ ይደርቅበታል።

ማሽኑን ቀለሙ ላይ አስቀምጣችሁ ነው የምታስነሡት። በዝቅተኛ ፍጥነት ጠብታውን አዳርሱ። ከዚያ የዲኤውን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ወደ ቁጥር 4 ወይም 5 አምጡት። ሮታሪ ከሆነ ከ1000 እስከ 1500 ዙር ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። 3000 ስላለው ብቻ 3000 ላይ የሚሠራ ሰው ፓዱንም ቀለሙንም ይጎዳል።

እጃችሁ በዝግታ ይሂድ፤ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር። አንዱ መስመር ሌላውን በግማሽ ይደርብ። መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች። ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ከተመላለሳችሁበት በቂ ነው። ፓዱ ቀለሙ ላይ ጠፍጣፋ ይቀመጥ። ሲያዘነብል ሥራው ሁሉ በአንድ ጠርዝ ላይ ይወድቃል፤ ያ ጠርዝ ይግላል፣ ይበላል።

አሁን ወደዚያ ጥቁር መስመር እንመለስ። ዲኤ እየሠራ ሳለ መስመሩን ተከታተሉ። ቀስ ብሎ እየዞረ ከሆነ ደህና ነው። መስመሩ ከቆመ ግን ማሽኑ መወዛወዙን ቀጥሏል፣ መዞሩን አቁሟል። የሞተሩ ጉልበት ስፖንጁን በማጣመም ብቻ እያለቀ ነው። ቀለሙ አይጠራም፤ ፓዱ ግን እየተቀቀለ ነው። መፍትሔው ፍጥነት መጨመር አይደለም። ጫናውን ቀንሱ፣ ፓዱን አስተካክሉ፣ ይዞራል። ፓራፋንጎ ላይ፣ ስፖርቴሎ እጥፋት ላይ፣ ጎባጣ ቦታ ሁሉ ላይ መስመሩ በቀላሉ ይቆማል። እዚያ ትንሽ ፓድና ትንሽ ውዝዋዜ ያለው ማሽን ካላችሁ ተጠቀሙ። ከሌላችሁ ቀለል አድርጋችሁ ተጨማሪ ዙር ሂዱ።

ጫናን በተመለከተ፣ ለሚቆርጠው ዙር፣ ማለትም ጭረቱን ለሚያወጣው፣ የማሽኑ ክብደትና መጠነኛ ግፊት ይበቃል። ለማብሪያው ዙር የማሽኑ ክብደት ብቻ። ጭረቱ አልወጣ ካለ ጡንቻ አትጨምሩ። ወይ ፓዱ ለስላሳ ነው፣ ወይ ኮምፓውንዱ ደካማ ነው። አንዱን ቀይሩ።

ሙቀትን መለካት

ከእያንዳንዱ ቦታ በኋላ የእጃችሁን ጀርባ ቀለሙ ላይ አሳርፉ። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። እጃችሁን ማሳረፍ ካልቻላችሁ ከ50 ዲግሪ በላይ ሆኗል ብላችሁ ያዙት፣ ቁሙ። ከሩቅ የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ካላችሁ 60ን የማይታለፍ ድንበር አድርጉት። እኔ 50 ላይ ማቆምን እመርጣለሁ።

ቀለሙ ቀዝቃዛ ሆኖ ፓዱ ሊግል እንደሚችል ግን አትርሱ። ዲኤ ላይ ይህ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነው። የፓዱን ፊት መንካትም ያታልላል፤ ፊቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። እውነቱ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ፓዱን ከሳህኑ እንዳላቀቃችሁ የቬልክሮውን መሃል ለኩ ወይም ዳብሱ። መሃሉ ከጠርዙ በግልጽ የሚግል ከሆነ ያ ፓድ ዕረፍት ያስፈልገዋል።

ሁለት ቦታዎች ላይ የተለየ ጥንቃቄ አድርጉ። አንደኛው ፓራውልት ነው። ፕላስቲክ እንደ ላሜራ ሙቀትን ወደ ዙሪያው አያሰራጭም፤ የፈጠራችሁት ሁሉ እዚያው ይቆያል። ሁለተኛው ጋራዥ ገብቶ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ነው። እኛ ጋ ያሉት ብዙ መኪናዎች አንድ ጊዜ ተገጭተው የተቀቡ ናቸው። ስቱኮም ሙቀት አያሳልፍም፤ ስለዚህ የላይኛው ቀለም ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይግላል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብረቱ ላይ ብትጎትቱት፣ ስቱኮው ወፍራም የሆነበት ቦታ ላይ መያዙ ይላላል። እነዚያን ቦታዎች በትንሽ ፍጥነትና በአጭር ዙር ሥሯቸው።

ማጽዳትና ማሳረፍ

ከእያንዳንዱ ቦታ በኋላ ፓዱ ይጽዳ። ጥቂት ሰከንድ የሚወስድ ሥራ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት እያዞራችሁ ለስላሳ ብሩሽ አስነኩት፣ ወይም ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ጫን አድርጋችሁ አዙሩት። ኮምፕሬሰር ያለበት ጎሚስታ አጠገባችሁ ካለ በአየር መንፋቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቆሻሻውን ያወጣል፣ ስፖንጁንም ያቀዘቅዛል። ዓይናችሁን ሸፍኑ። ያልጸዳ ፓድ ፊቱ ላይ የተፋቀው ቀለምና የደረቀው ኮምፓውንድ ተጋግሮ ጠንካራ አንጸባራቂ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ አይቆርጥም፤ ይፈትጋል፤ ያሞቃል።

ክሊር የሌለው አሮጌ ቀለም ላይ ስትሠሩ ፓዱ የመኪናውን ቀለም ይይዛል። አትደንግጡ፤ ግን ቶሎ ቶሎ አጽዱት።

ከዚያ ዕረፍቱ። አንድ ፓድ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ይሥራ፤ ኮፈን ላይ ግማሹን ብቻ ቢሠራ የተሻለ ነው። ከዚያ ይውጣና ሌላው ይግባ። ለአንድ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የሚቆርጡ አራት ፓዶች፣ ለማብሪያ ሁለት ቢኖሯችሁ ምቹ ነው። አቅም ከሌለ ሦስት በተራ ይሂዱ። አራት ፓድ በተራ የሚሠራ ሰው የሚያጠፋው ፓድ፣ በየጊዜው አንድ ብቻ ገዝቶ እስኪሞት ከሚያሠራው ሰው ያነሰ ነው።

የጋለን ፓድ በፍጥነት አትንቀሉት። ሙጫው ለስልሷል፤ ስፖንጁን ይዛችሁ ብትስቡ ቬልክሮው ማሽኑ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ማሽኑን ከቀለሙ አንስታችሁ በዝቅተኛው ፍጥነት ግማሽ ደቂቃ ያህል በአየር ላይ አዙሩት። ከዚያ ጣታችሁን በሳህኑና በቬልክሮው መካከል አስገብታችሁ፣ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አላቅቁ። የምትይዙት ቬልክሮውን እንጂ ፎሙን አይደለም። ካወጣችሁ በኋላ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

የጋለ ፓድ ባልዲ ውስጥ መንከር ብዙ ላቫጆ ውስጥ የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። ውሃው በለሰለሰው ሙጫ ውስጥ ይገባል። ያ ፓድ በዚያው ቀን እንደገና ሥራ ላይ ሲገባ ደግሞ ውሃውን ይተፋል፣ ኮምፓውንዱን ያቀጥናል። ማሽኑንም በፓዱ ላይ አታሳርፉት። የሞቀ ስፖንጅ በክብደቱ ተጨፍልቆ ይቀራል። ፓዱ ወደ ላይ ይሁን፣ ወይ ማሽኑ በጎኑ ይተኛ።

አጠባና ማድረቅ

ሥራው እንዳለቀ፣ ኮምፓውንዱ ሳይደርቅ እጠቡ። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ፊቱን በጣታችሁ እያሻሻችሁ፣ በመዳፋችሁ እየጨመቃችሁ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ። አትጠምዝዙት። ፈሳሽ ውስጥ አታሳድሩት። ቤንዚን፣ ቲነርና በረኪና ወደ ፓድ አይጠጉ፤ ፎሙንም ሙጫውንም ይበላሉ። የፈላ ውሃም እንዲሁ።

ከዚያ ፓዱን ማሽኑ ላይ ገጥማችሁ፣ ባዶ ባልዲ ውስጥ አስገብታችሁ በዝቅተኛ ፍጥነት አዙሩት። አብዛኛው ውሃ ይወጣል።

ማድረቁ ጅማ ላይ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ዛሬ የታጠበ ፓድ ነገም ላይደርቅ ይችላል። የስፖንጁን ፊት ወደ ታች፣ ቬልክሮውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ውሃው ከሙጫው እየራቀ እንዲወርድ። ለቡና ማድረቂያ አልጋ ከሚሆነው የሽቦ መረብ ቁራጭ ብታገኙ ከዚህ የተሻለ ማስቀመጫ የለም፤ ከላይም ከታችም አየር ያገኛል። ቤት ውስጥ ከሆነ ቬንትሌተር ክፈቱበት። ፀሐይ ላይ አታውሉት፤ ፎሙ ይደርቅና ይፈረፈራል። ምድጃ አጠገብም አይሆንም። ጣታችሁን ጫን ስታደርጉት እርጥበት ከተሰማችሁ አልደረቀም። ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ የገባ ፓድ ይሻግታል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ግን ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይግባ፤ አቧራ ከሁሉ የከፋ ነው።

መቼ ይጣል?

አውራ ጣታችሁን መሃሉ ላይ ጫን አድርጉና ልቀቁ። ወዲያው ከተመለሰ ገና ሕይወት አለው። ጎድጉዶ ከቀረ ውስጡ ሞቷል። ጀርባው ላይ ፊኛ የመሰለ እብጠት ካለ፣ ወይም የቬልክሮው ጠርዝ መነሣት ከጀመረ፣ በማስቲሽ እለጥፈዋለሁ አትበሉ። በሚሽከረከር ማሽን ላይ በእጅ የተለጠፈ ፓድ ሊበር ይችላል፤ መስታወትም ሰውም አጠገቡ አለ። ፊቱ ላይ ትንሽ የተቦጨቀች ቦታ ብቻ ካለች ለሚቆርጠው ዙር ጥቂት ጊዜ ያገለግላል፤ ለማብሪያው ግን አይሆንም። ታጥቦም ጠንካራ ሆኖ የቀረ ፊት አይድንም።

ከማሽን የወጣው ፓድ በእጅ ሥራ ግን ይጠቅማል። ለሁለት ቆርጣችሁ ለጎማ ማጥቆሪያ መቀቢያ አድርጉት። አንድ ጊዜ ጎማ የነካውን ወደ ቀለም እንዳትመልሱት ጀርባው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉበት።